ማሽኑ አሳውን ሚጠይቀው “ምን በላህ?” ብሎ ነው፦ ስለ ኩሬና ስለ ሐይቅ አሳ ለተጻፈው ምላሽ

ያለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ እህቴ አሳ ቤት ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ብርዱ እንደጉድ ነው፣ ሻይ እየጠጣሁ እያለ አንድ ሁሌ ሚመጣ ደንበኛዋ ሞባይሉን ይዞ ገባና “እትዬ፣ ይሄ ቆሮሶ የኩሬ ነው የሐይቅ?” አላት። “የዝዋይ ነው፣ ትላንት ማታ ነው የገባው” አለችው። “እሱን በምን አውቃለሁ? ተጽፏል እኮ! አሁን ሚሸጠው ሁሉ በኬሚካል ያደገ የኩሬ አሳ ነው ተብሏል፣ ላብራቶሪ ሲገባ ጉዱ ይወጣል” ብሎ ጽሑፉን አሳያት። እሷ ደግሞ ወደኔ ዞር ብላ “በል አንተ ኬሚስቱ፣ መልስለት” አለችኝ። መልስ ስጀምር ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሰውየውም ጎላሹን በልቶ ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ፣ እኔ ገና ስለ ካርቦን ነበርኩ። ስለዚህ ቀሪውን ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግልጽ ላድርገው፣ እህቴ አሳ ነጋዴ ነች፣ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ኬሚስትሪ ተምሬ ጥቂት አመት የምግብ ዘይት ሚመረመርበት ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ ሰርቻለሁ፣ አሳ ላይ ያለኝ እውቀት ግን አብዛኛው ከንባብ ነው። ጸሐፊውን ክፉ ሰው ናቸው አልልም፣ ሚበሉትን ነገር ማወቅ ፈልገው ነው የጻፉት። ያስቸገረኝ ነገር ፈረንጆቹ ስለ ሳልመን፣ ብርቱካንማ ስጋ ስላለው የባህር አሳቸው፣ የጻፉትን እንዳለ አምጥተው ቆሮሶ ላይ መለጠፋቸው ነው።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ ሚለው እንዲህ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ በየጓሮው በድብቅ ኩሬ እየተቆፈረ አሳ እየተረባ ነው። የኩሬ አሳ በዓይን ይለያል፣ በዓይን ካልተለየ ላብራቶሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ አዎ ወይ አይደለም ብሎ ይነግርሃል። የኩሬ አሳ ቀለምና ሆርሞን ነው፣ ኦሜጋ 3 ሚባለው ጠቃሚ ቅባት የለውም፣ የሐይቅና የወንዙ ግን ንጹህ ነው። ስለዚህ በየከተማው መግቢያ የአሳ መመርመሪያ ይቋቋም። በተራ ልሂድ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ አንዳንዱን ዘልዬ አልፋለሁ።

“በደብረ ብርሃን ዙሪያ በድብቅ ቆሮሶ እየተረባ ነው።” ይሄን ያነበበ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ሳይስቅ አልቀረም። ከተማው እኮ ከባህር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው! ህዳርና ታህሳስ ላይ ጠዋት ውርጩ ሳሩን ነጭ ሲያረገው፣ በረሳ ወንዝ ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ አንድ ደቂቃ ያዙትና ንገሩኝ። ቆሮሶ የሙቅ ውሃ አሳ ነው፣ ውሃው ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፣ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ሸዋሮቢት ወርዶ ሚሞክር ሰው አለ ቢሉኝ እሺ፣ እዛ ሙቀት አለ ውሃም አለ። ደብረ ብርሃን ጓሮ ውስጥ በድብቅ ቆሮሶ ያረባ ሰው ካለ ግን ማሰር ሳይሆን መሸለም ነው ያለብን። የከተማው አሳ ከውጪ ነው ሚመጣው፣ ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከጣና፣ አብዛኛው በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ።

“በዓይን ይለያል፣ የኩሬው ነጣ ይላል የሐይቁ ቀላ ይላል።” ሳልመን ላይ በዓይን ሚታይ ነገር አለ፣ የእርባታው ሰፋፊ ነጭ የስብ መስመር ስጋው መሀል አለው። የቆሮሶ ስጋ ግን ከየትም ይምጣ ነጭ ነው፣ ቀላ ያለው ደሙ በደንብ ያልወጣለት ነው። በዓይን ሚታወቀው ትኩስነቱ ነው፦ ዓይኑ ጠርቶ ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ስጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ሚነሳ። እህቴ ይሄን ጨለማ ውስጥም ታውቀዋለች። የት እንዳደገ ግን እሷም ያመጣላት ሰው የነገራትን ነው ምታውቀው። በቃ አልፋለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። “ላብራቶሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ አዎ ወይ አይደለም ይላል።”

ቅቤ ገዝቶ ሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልገውም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ከመንዝ ሚመጣው ቅቤ ቢጫ ነው፣ ላሟ እርጥብ ሳር ስለምትበላ ከሳሩ ካሮቲን ሚባለው ቢጫ ነገር ወደ ስቡ ይገባል። የበጋው መጨረሻ ላይ ያቺው ላም ጭድ ስትበላ ቅቤዋ ይነጣል። እናቴ ገበያ ላይ ቅቤውን ገለጥ አርጋ አይታ “ይቺ ላም ጭድ ላይ ናት” ትላለች። “ይቺ ላም የእገሌ ናት” ግን ብላ አታውቅም፣ ልትልም አትችልም። የአሳው ላብራቶሪ ሚያረገውም ይሄንኑ ነው። ማሽኑ አሳውን “የኩሬ ነህ የሐይቅ?” ብሎ አይጠይቀውም፣ “ምን በላህ? የትኛው ውሃ ውስጥ ነበርክ?” ብሎ ነው ሚጠይቀው፣ ከዛ መልሱን ይዘን እኛ ነን ምንገምተው። ግምቱ ጥሩ ሚሆነው ደግሞ ኩሬው ውስጥ ሚበላውና ሐይቁ ውስጥ ሚበላው ነገር በጣም ሲለያይ ነው።

እንዴት እንደሚጠየቅ ልንገራችሁ፣ እኔን ሚያስደስተኝ እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ካርቦን ሁለት ማይፈራርሱ አይነቶች አሉት፣ ቀለል ያለው ካርቦን 12 እና ትንሽ ከበድ ሚለው ካርቦን 13፣ ከ100 ካርቦን አንዱ ገደማ ነው ከባዱ። እጽዋት ከአየር ካርቦን ሲወስዱ ከባዱን ገፋ ያረጉታል፣ ግን እኩል አይገፉትም። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ኑግ በደንብ ይገፉታል፣ ላቦች ሁሉ ከሚያወዳድሩበት መነሻ በሺህ 27 ገደማ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍም ጭምር ብዙ አይገፉትም፣ በሺህ 13 ገደማ ነው ዝቅ ሚሉት። በላቦቹ ቋንቋ ይሄ ሰፊ ልዩነት ነው። የተበላው ደግሞ የበላውን ይሆናል፣ ስጋ ይሆናል ጸጉር ይሆናል ጥፍር ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ የመንዝ ገብስ የበላ ሰውና ቆላ ሸዋሮቢት ማሽላ በልቶ ያደገ ሰው ጸጉራቸው ቢመረመር ይለያሉ (መንዜው ጤፍ ካላበዛ ማለቴ ነው፤ ማን ይበልጣል ሚለውን ጭቅጭቅ ግን ማሽኑ አይፈታውም)። ናይትሮጅንም እንደዛው ከባድና ቀላል አለው፣ ናይትሮጅን 15 ሚባለው ከባዱ በምግብ ሰንሰለቱ አንድ እርከን በወጣህ ቁጥር በሺህ 3 ወይ 4 ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ አልጌ በል አሳና አሳ በል አሳ ይለያሉ።

አሰራሩም ጸሐፊው እንዳሉት አሳውን ማሽን ላይ ጣል አርጎ መልስ መጠበቅ አይደለም። ስጋው ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ቅባቱ ታጥቦ ይወጣል (ቅባት ውስጥ ካርቦን 13 ስለሚያንስ ወፍራምና ቀጭን አሳ ያምታታል)፣ ከዛ 1 ሚሊግራም ገደማ ዱቄት በትንሽዬ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ ይቃጠላል፣ ጋዙ ከባዱንና ቀላሉን ለይቶ ሚለካ ማስ ስፔክትሮሜትር ሚባል ማሽን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው መንገድ እኔ የማውቀው ነው፣ የቅባቱን አይነት ማየት። ቅባቱን ታወጣለህ፣ በሜታኖል ወደ ሜቲል ኤስተር ትቀይረዋለህ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥ በመርፌ ትወጋዋለህ፣ በጣም ረጅም በጣም ቀጭን ቱቦ ውስጥ እየሮጡ ቅባቱ የተሰራበት እያንዳንዱ ፋቲ አሲድ በየተራው ይወጣል፣ ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ጫፍ ጫፍ እያለ ይሳላል። አንዱ ሩጫ ብቻ ግማሽ ሰዓትም ሰዓትም ይፈጃል፣ ዝግጅቱ ሲጨመር ደግሞ ቀኑ አለቀ በለው። መብራት ከሄደማ አትጠይቁኝ፣ ማሽኑ እስኪሞቅና እስኪረጋጋ ሌላ ግማሽ ቀን።

ሳልመን ላይ ይሄ ነገር በደንብ ይሰራል። ምክንያቱም ባህር ያደገው ሳልመን ትንንሽ አሳና ሽሪምፕ መሳይ ነገር ነው ሚበላው፣ የእርባታው ግን መኖው ውስጥ አኩሪ አተርና የአትክልት ዘይት አለበት፣ ስለዚህ ሊኖሌይክ ሚባለው ፋቲ አሲድ ከፍ ይላል፣ ናይትሮጅን 15 ደግሞ ዝቅ ይላል። ግን እዚህም ጋ አንድ ነገር አለ። ኖርዌይ ውስጥ እ.አ.አ በ1990 የሳልመን መኖ 90 ከመቶው ከባህር የመጣ ነበር፣ የአሳ ዱቄትና የአሳ ዘይት ማለት ነው፣ በ2013 ግን ወደ 30 ከመቶ ወርዷል፣ ቀሪውን እጽዋት ተክቶታል። አስቡት፣ በ1990 ከነበረው አሳ በተሰራ ማወዳደሪያ የ2013ን አሳ ብትመረምር ምን ልታገኝ ነው? መኖ ነጋዴው ዋጋ አይቶ መኖ በቀየረ ቁጥር ኬሚስቱ ማወዳደሪያውን እንደገና መስራት አለበት።

አሁን ወደኛው ቆሮሶ እንምጣ፣ ጸሐፊው ፈጽሞ ያልነኩት ነገር ይሄ ነው። ቆሮሶ ሐይቅ ውስጥ ምን ይበላል? በዋናነት አልጌ፣ ውሃውን አረንጓዴ ሚያረገውን ነገር። ኩሬ ውስጥስ ምን ይበላል? በኛ ገበሬ ኩሬ አሰራር የከብት ወይ የዶሮ ፍግ ይጨመርበታል፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ቆሮሶው ያንኑ አልጌ ይበላል! ከላይ ደግሞ እንደአቅም ፍሩሽካ፣ ፋጉሎ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ጣል ጣል ይደረግለታል። ማለትም የሁለቱም ዋና እንጀራ አንድ ነው። የኑግ ፋጉሎ በብዛት ከተሰጠው እሺ፣ የኑግ ዘይት ከግማሽ በላይ፣ እንደውም ከሶስት ሁለት እጁ በላይ ሊኖሌይክ ስለሆነ ፋጉሎ ውስጥ የቀረው ዘይት አሳው ስብ ላይ ምልክት ይተዋል፣ እኔም በክሮማቶግራፍ ላየው እችላለሁ። በፍግና በአልጌ ብቻ ያደገውን ግን ከሐይቁ ለመለየት ከባድ ስራ ነው።

“ፍጉ ራሱ ይታያል” ሚል ብልህ አንባቢ ይኖራል፣ ልክ ነህ፣ ፍግ ናይትሮጅን 15ን ከፍ ያረጋል። ግን ሐይቁ ዳር ከተማ ሲኖርና የከተማው ፍሳሽ ሲገባበትም ያው ናይትሮጅን 15 ከፍ ይላል፣ የሰውም የከብትም ያው ፍግ ነው። ካርቦኑስ? የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ውሃቸው ሶዳ ስለሚበዛበት አልጌው ካርቦን ሚያገኝበት መንገድ ሌላ ነው፣ ቁጥሩ ወደ በቆሎው ቁጥር ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የዋህ ኬሚስት ሶዳማ ሐይቅ ውስጥ በነጻነት ያደገን አሳ ይዞ “በበቆሎ የተቀለበ የኩሬ አሳ” ብሎ ፈርሞ ሊያወጣ ይችላል። ነጋዴውም ይታሰራል።

ይሄን ሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ሚታወቅ አሳ ሰብስቦ ማወዳደሪያ መስራት። ከዝዋይ፣ ከቆቃ፣ ከጫሞ፣ ከጣና፣ ከየኩሬው፣ በክረምትም በበጋም፣ ትንሹም ትልቁም፣ ምክንያቱም አንድ ሐይቅ ራሱ ከሐምሌ እስከ ጥር አንድ አይነት አይደለም። ከዛ በኋላ ነው አዲስ አሳ አምጥተህ “ከየትኛው ጋ ይቀራረባል?” ማለት ምትችለው፣ መልሱም “ከዚህኛው ጋ የመሆን ዕድሉ ይሄን ያህል ነው” ነው። አዎ ወይ አይደለም ሚል ወረቀት ከላብ ይወጣል ያላችሁን ሰው ላብ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁልኝ።

ሶስተኛ መንገድ አለ፣ እኔ ከሁሉም ምወደው፣ የጆሮ ድንጋይ። አሳ ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽዬ ነጭ ድንጋይ አለችው፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት እየጨመረች ታድጋለች፣ ጫጩት እያለማ የእያንዳንዱ ቀን ቀለበት ሳይቀር ይታያል። ስታድግ ከውሃው ስትሮንሺየምና ባሪየም ሚባሉ ማዕድናት ትይዛለች፣ የያዘችውን ደግሞ አትለቅም። ስለዚህ መሀሏ ላይ የተወለደበት ውሃ አለ፣ ጠርዟ ላይ የሞተበት ውሃ አለ። ኩሬ ውስጥ ተፈልፍሎ ሐይቅ የተጨመረን አሳ ስጋው ላይነግርህ ይችላል፣ ድንጋዩ ይነግርሃል። ችግሩ ደብረ ብርሃን ሚደርሰው አብዛኛው ፊሌቶ ሆኖ፣ ጭንቅላቱ ሐይቁ ዳር ለወፍ ተጥሎ ነው። እና ደግሞ የተጠበሰ አሳ ይዛችሁ ላብ እንዳትሄዱ፣ አንዴ ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ ክሮማቶግራፉ ሚያነበው የመጥበሻውን ዘይት ነው። የናይትሮጅኑ ምርመራ ግን ጥብሱንም ብዙ አይፈራም።

እና ደግሞ ጥያቄው ራሱ መቼ ጠራ? ወሎ ያለውን ሐይቅ ሚባለውን ሐይቅ እንውሰድ፣ ሩቅ አይደለም፣ በደሴ በኩል ወጣ ብሎ ነው። እዛ ያለው ቆሮሶ እ.አ.አ በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰው እጅ የገባ ነው። ዛሬ ያለው ዘሩ እዛው ተወልዶ እዛው አልጌ በልቶ ያደገ ነው። የዱር ነው የእርባታ? ከሰበታ የአሳ ምርምር ማዕከል ጫጩት ተወስዶ ግድብ ውስጥ ሲለቀቅና ራሱን ችሎ ሲያድግስ? ጸሐፊው መጀመሪያ ይሄን ይመልሱ፣ ከዛ ማሽኑን እናበራለን።

“የኩሬ አሳ በቀለም የተነከረ ነው።” እውነት አለው፣ አሳው ግን ሌላ ነው። የሳልመን ስጋ ብርቱካንማ ሚሆነው አስታዛንቲን በሚባል ቀለም ነው፣ ባህር ውስጥ ከሚበላው ሽሪምፕ መሳይ ነገር ያገኘዋል፣ እርባታ ውስጥ ደግሞ መኖው ላይ ካልተጨመረለት ስጋው ገርጥቶ ይቀራል። ይሄ ነገር ለኬሚስት ድግስ ነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ ይሄ ሞለኪውል እንደ ቀኝና ግራ ጫማ የተለያየ አቀማመጥ አለው፣ ባህር ያደገው ውስጥ አንደኛው አይነት ይበዛል፣ ፋብሪካ የተሰራው ግን ሶስቱንም አይነት 1 ለ 2 ለ 1 አርጎ ነው ሚይዘው። ስለዚህ የፋብሪካ ቀለም የበላ ሳልመን “የባህር ነኝ” ብሎ መዋሸት አይችልም። እ.አ.አ በ2005 ኒውዮርክ ታይምስ ከ8 የኒውዮርክ ሱቆች የባህር ተብሎ ሚሸጥ ሳልመን ገዝቶ ሲያስመረምር የ6ቱ የእርባታ ሆኖ ተገኘ። ይሄንን ነው ጸሐፊው ሰምተው የደነገጡት፣ መደንገጣቸውም ልክ ነው። ግን ነጭ ስጋ ያለውን ቆሮሶ ቀለም ሚያበላ ማነው? ነጭ ለማረግ? ቅቤ ላይ ቀለም ሚጨምር ነጋዴ እሺ፣ ቢጫ ስለሚወደድለት ነው። ቆሮሶ ላይ ግን ቀለም የገዛ ሰው ገንዘቡን ውሃ ውስጥ ነው የጣለው።

ሆርሞኑን በተመለከተ ግን ግማሽ እውነት አላቸው፣ አልክድም። ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይራባል፣ ሳያድግ ይወልዳል፣ ኩሬው በትንንሽ አሳ ይሞላል። ወንዱ ደግሞ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል። ስለዚህ በአለም ላይ ብዙ አርቢ ጫጩቱ ገና እንደተፈለፈለ ለ3 ወይ 4 ሳምንት ሜቲልቴስቶስቴሮን ሚባል የወንድ ሆርሞን ያለበት መኖ ይሰጠዋል፣ ሁሉም ወንድ እንዲሆን። ከዛ ይቆማል፣ አሳው ለመብላት እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ሆርሞኑ ከሰውነቱ ይወጣል። ሰራተኛው ያንን መኖ በባዶ እጁ ሲያቦካና ውሃው ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ያለው ነገር ከበላተኛው በላይ ያሳስበኛል፣ ጽሑፉ ግን ስለ ሰራተኛው አንድ መስመር የለውም። “ሆርሞን ነው ምትበሉት” ማለት ግን የ3 ሳምንት ጡት የተሰጠውን ጥጃ በሬ ሆኖ ሲታረድ ወተት ነው ምትበሉት እንደማለት ነው።

ኦሜጋ 3። የእርባታ ሳልመን ስብ ስለሚበዛው የኦሜጋ 3 ድርሻው በመቶኛ ቢያንስም ጠቅላላ ሚያገኙት ብዙም ላያንስ ይችላል። ቆሮሶ ከነጭራሹ ስቡ ትንሽ ነው፣ የሐይቁም የኩሬውም። ቆሮሶን ለኦሜጋ 3 ብሎ ሚበላ ሰው ደብረ ብርሃን አላየሁም፣ ለጾም ብሎ ነው ሚበላው (ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም ሚለውን እዚህ አላነሳም፣ እናቴና እህቴ እራሳቸው አልተስማሙም)።

“የሐይቅና የወንዝ አሳ ንጹህ ነው።” እዚህ ጋ ነው በጣም የተናደድኩት። ጸሐፊው የመርሐቤቴ ቆላ ወርደው ጀማ ወንዝ ዳር አሳ ሲያዝ አይተው ያውቃሉ? ብርብራ ሚባለውን ዛፍ እናውቀዋለን፣ ፍሬው ይወቀጥና ዱቄቱ ውሃው ላይ ይበተናል፣ አሳው ሰክሮ ሆዱን ወደላይ አርጎ ይንሳፈፋል፣ ለቀማ ነው። በአገራችን በብዙ ወንዝ የታወቀ ዘዴ ነው። ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ሚባለው ነገር ነው፣ አሳው ኦክስጅኑን እንዳይጠቀም ሴሉ ውስጥ ያግደዋል፣ ፈረንጆቹ ለነፍሳት መግደያ ተጠቅመውበታል። ያ አሳ የወንዝ ነው፣ ማንም መኖ አልሰጠውም፣ ማሽኑም “የዱር” ይለዋል፣ ልክም ነው። በመርዝ መያዙን ግን የካርቦንና የናይትሮጅን ቁጥር አይነግርህም፣ እሱን ለማወቅ ሮቴኖኑን ለብቻው መፈለግ ነው ያለብህ። ትልቁም ትንሹም እንቁላሉም አብሮ ማለቁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ የተሰራ ጥናትም አለ። እዛ ያለው ባርበስ ሚባለው ትልቅ አሳ ሌሎች አሳዎችን ስለሚበላ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ፣ መርዛማው ብረት፣ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፣ አንዳንዱ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ከሚባለው ገደብ በላይ። እዛው ሐይቅ እዛው ውሃ ውስጥ ያለው ቆሮሶ ግን ዝቅተኛ ነው፣ አልጌ በል ስለሆነ። ተመራማሪዎቹ ይሄንን ያገናኙት በምን ይመስላችኋል? በዛው በናይትሮጅን 15! አሳው በምግብ ሰንሰለቱ ወደላይ በወጣ ቁጥር ናይትሮጅን 15ም ሜርኩሪም አብረው ይጨምራሉ። ሁለቱም አሳዎች የሐይቅ ናቸው፣ ሁለቱም ማንም አላረባቸውም። “የሐይቅ ነው ወይ” ብሎ ከጠየቀው ሰው ይልቅ “የቱ አሳ ነው፣ ስንት ኪሎ ይመዝናል” ብላ የጠየቀች ነፍሰጡር ሴት የተሻለ መረጃ ይዛ ትሄዳለች።

የመጨረሻው፣ “በየከተማው መግቢያ መመርመሪያ ይቋቋም።” እሺ፣ ብሩም ይገኝ፣ ማሽኑም ይምጣ፣ ማወዳደሪያውም ይሰራ፣ ሁሉንም ልስጣቸው። ማሽናችን 90 ከመቶ ልክ ነው እንበል፣ ለቆሮሶ ይሄ ራሱ ትልቅ ጉራ ነው። አገራችን ውስጥ ሚሸጠው አሳ አብዛኛው ከሐይቅ የተጠመደ ስለሆነ፣ ለምሳሌ ያህል ከሚገቡት 1000 አሳ 50ው የኩሬ 950ው የሐይቅ ነው እንበል። ከ50ው ማሽኑ 45ቱን ይይዛል፣ ጎበዝ። ከ950ው ግን 10 ከመቶውን ይሳሳታል፣ 95 የሐይቅ አሳ “የኩሬ ነህ” ይባላል። ስለዚህ “የኩሬ” ተብሎ ከተያዘው 140 አሳ ውስጥ እውነተኛው 45 ብቻ ነው፣ ከ3 ሰው 2ቱ ያለጥፋቱ ተከሰሰ ማለት ነው። ከነዛ ያለጥፋታቸው ከተከሰሱት አንዷ እህቴ ናት። ማሽኑ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ሚፈለገው ነገር ብርቅ ሆኖ ሁሉም ሰው ሲፈተሽ ሂሳቡ እንዲህ ነው ሚመጣው።

አውሮፓዎቹ እንዴት አረጉት? በደንብ ቁጥር 1379/2013 ሻጩ አሳው የተጠመደ፣ ከሐይቅና ከወንዝ የተጠመደ፣ ወይ በእርባታ ያደገ መሆኑን እንዲጽፍ አስገደዱ። ወረቀቱ ከጀልባው ጀምሮ ይመጣል፣ ላብራቶሪ ሚገባው ወረቀቱ ሲጠረጠር ነው፣ ያኔ “ይሄ ሳጥን ወረቀቱ ከሚለው ቦታ ጋ ይገጥማል ወይ?” ብለህ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ትጠይቀዋለህ፣ እሱ ደግሞ ማሽኑ በደንብ ሚችለው ጥያቄ ነው። በዚህ በኩል ከጸሐፊው ጋ አልጣላም፣ ሻጭ የት እንደተያዘና መቼ እንደተያዘ ይጻፍ ካሉ እኔም እፈርማለሁ። እህቴ እንደውም ጽሑፉን ያየች ቀን ማታ ካርቶን ቀዳ በማርከር “ቆሮሶ፣ ዝዋይ፣ አርብ ማታ” ብላ በሩ ላይ ሰቅላለች። ደንበኛው ግን አሁንም ሚጠይቃት “ለብለብ አለ?” ብሎ ነው።

እኔ በበኩሌ ማወዳደሪያውን ከራሴ ልጀምር ብዬ፣ ሙሉ አሳ ሲመጣላት ጭንቅላቱን እንድታስቀምጥልኝ ነግሬያታለሁ። ፍሪዘሩ ውስጥ እስካሁን 11 ጭንቅላት አለ፣ እያንዳንዱ በፌስታል፣ የመጣበት ቦታና ቀኑ ተጽፎበት፣ 7ቱ የዝዋይ 4ቱ የጫሞ። የጀማ የለኝም። መርሐቤቴ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች አምባዛ በመንጠቆ ካጠመዳችሁ፣ በመንጠቆ ነው ያልኩት በብርብራ አይደለም፣ ጭንቅላቱን እንዳትጥሉብኝ። እህቴ “ድመት ልታረባ ነው ወይ?” እያለችኝ ነው፣ ለአይስክሬም የገዛችው ፍሪዘር ስለሆነም ብዙ ጊዜ የለኝም።